የፎቶግራፍ መጽሔት አመራረጥ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከሐዋሳ ከተማ፣ ፒያሳ ከሚባለው ሰፈር፣ አንድ ደብዳቤ ደርሶን ነበር። የደብዳቤው ጸሐፊ በዚያ ሰፈር አነስተኛ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ ወጣት ነው። በሥራ ቀን ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚሆነውን ጉርድ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ይጠራል፤ ሥራ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ደግሞ ካሜራውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርድና ለመናፈስ የመጣውን ሰው እያነሣ የዕለት ጉርሱን ያገኛል። ይህ ሰው ሙያዬን ላሻሽል ብሎ አንድ የውጭ አገር የፎቶግራፍ መጽሔት ዓመት ሙሉ ገንዘብ እየከፈለ አነበበ። መጽሔቱ ነጭ የሙሽራ ልብስ እንዴት እንደሚነሣ ጽፎ ስለ ነበር፣ እርሱም ያንን ቃል በቃል ይዞ ወደ አንድ ሠርግ ሄደ። ሥዕሉ ታትሞ በመጣ ጊዜ የቬሎው ጥልፍ አንዲት ክር ሳትጎድል ታየ፤ የሙሽራይቱ ፊት ግን ከመጥቆሩ የተነሣ ዓይኗንና አፍንጫዋን መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ሙሽራይቱም አልበሙን ገልጣ «ቀሚሴ አለ፤ እኔ ግን የለሁም» አለች። ቤተ ሰቦቿ ከተዋዋሉት ገንዘብ ግማሹን ከፍለው ሄዱ።

«እንግዲህ ሳላቋርጥ ባነብበው ገንዘቤና ጊዜዬ የማያስቈጨኝ መጽሔት የትኛው ነው? የያዝሁትንስ ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው የአንድ ሰው ቢመስልም ካሜራ ይዞ እንጀራውን ለሚበላ ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው፣ በዛሬው ንግግራችን ጥቂት ሰፋ አድርገን ልንመለከተው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የመጽሔቱ ምክር ሐሰት እንዳልነበረ መናገር ይገባል። ምክሩ በተጻፈበት አገር እውነት ነው። «ከሁሉ አስቀድመህ ነጩን ልብስ አድን፤ ነጩ ከተቃጠለ የጥልፉ መልክ ተመልሶ አይገኝም» የሚል ነበር። የፈረንጅ ሙሽራ ፊት ራሱ ወደ ነጭነት የቀረበ ስለ ሆነ፣ ከፊቷና ከቀሚሷ በሚመለሰው ብርሃን መካከል ያለው ልዩነት አንድ እርከን ወይም ከዚያ ጥቂት ቢበልጥ ነው። አንድ እርከን ማለት የብርሃኑ መጠን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ቀሚሱን ያዳነ ሰው ፊቱንም አብሮ ያድናል። ፊቱ ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆን ግን ልዩነቱ ሦስት እርከን ሊደርስ ይችላል፤ ይኸውም ቀሚሱ ከፊቱ ይልቅ ስምንት እጥፍ ብርሃን ይመልሳል ማለት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ለቀሚሱ ብቻ የተጠነቀቀ ፎቶግራፍ አንሺ ፊቱን አሳልፎ ይሰጣል። ወጣቱ ማድረግ የነበረበት ሙሽራይቱን ከቀትር ፀሐይ አውጥቶ ጥላ ውስጥ ማቆም፣ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ መለካት፣ ከዚያም በነጭ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ፍላሽ ለፊቷ ጥቂት ብርሃን መጨመር ነበር። መጽሔቱ የምክሩን ምክንያት ነግሮት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ራሱ አስቦ ይደርስበት ነበር። መጽሔቱ ግን «ይህን አድርግ» አለው እንጂ ስለ ምን እንደሚያደርገው አልነገረውም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ዘወትር ሊነበብ የሚገባው መጽሔት ምክንያቱን የሚያስረዳው ነው። ምክንያቱን ያወቀ አንባቢ ምክሩን ለአገሩ ፀሐይና ለአገሩ ሰው መልክ አስተካክሎ ሊሠራበት ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ ያወቀ ግን እንደ ሐዋሳው ወጣት ይሆናል።

ስለ አገር ፀሐይ ካነሣን ዘንድ፣ የውጭ መጽሔቶች ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለውን ወርቅማ ብርሃን አብዝተው ያመሰግናሉ፤ «ወርቃማው ሰዓት» ይሉታል። በለንደን በሰኔ ወር ፀሐይ እያዘነበለች ስለምትጠልቅ ይህ ብርሃን ይቆያል። ሐዋሳ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ፀሐይ ከአድማሱ 6 ዲግሪ ከፍ ካለችበት እስክትሰወር ድረስ በሐዋሳ 25 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በለንደን በሰኔ ወር ወደ እጥፍ ይጠጋል። የመጽሔቱን «ሰዓት» አምኖ ሙሽሮቹን ዘግይቶ ወደ ሐይቁ ዳር የወሰደ ሰው ገና ሚዜዎቹን ሲያሰልፍ ይጨልምበታል። ደግሞም በሐዋሳ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ የቀትር ፀሐይ በአናት ትክክል ትቆማለች። በዚያን ጊዜ ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፤ ዓይን ግን በቅንድብ ጥላ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ፍላሽም እንዲሁ ነው። መጽሔቶቹ «ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙረህ አንሣ፤ ብርሃኑ ለስልሶ ይመለሳል» ይላሉ። የተናገሩት ስለ ነጭና ዝቅተኛ ጣሪያ ነው። የእኛ ሠርግ ብዙውን ጊዜ በድንኳን ነው፤ የድንኳኑ ሸራ አረንጓዴ ከሆነ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን አረንጓዴ ይሆናል፤ አማቾቹም ሁሉ የታመሙ ይመስላሉ። ብርሃን የነካውን ነገር ቀለም ይዞ እንደሚመለስ ያስተማረ መጽሔት ስለ ድንኳን አንድ ቃል ባይጽፍ እንኳ ስለ ድንኳን አስተምሯል።

ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቁጥርም ፈጽሞ የለም አንልም። በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ፣ አይኤስኦው 100 እንደ ሆነ የመዝጊያውን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ መቶኛ ግድም ማድረግ የታወቀ የቆየ ደንብ ነው፤ በሐዋሳም ይሠራል። የሚሠራበት ምክንያት ከሰው ፊት ተመልሶ የሚመጣውን ሳይሆን ከፀሐይዋ የሚወርደውን ብርሃን ስለሚመለከት ነው። ቢሆንም በቀትር፣ ከላይ እንዳልነው ዓይን ጥላ ውስጥ ስለሚገባ፣ ለፊት ሲሉ አንድ ወይም ሁለት እርከን መጨመር ያስፈልጋል።

ይህ የፊት ነገር የመጽሔት ጸሐፊዎች ጥፋት ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ እንጨምር። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች አንዲት ነጭ ሴት የተነሣችበትን መመዘኛ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ «ሸርሊ» ይባላል። አጣቢዎቹ የሁሉንም ሰው ሥዕል ቀለም በዚያች ሴት ፊት መሠረት ያስተካክሉ ስለ ነበር ጥቁር ፊት ሲታጠብ መልኩ ይጠፋ ነበር። በኋላ ፊልሙ ጥቁሩንና ቡናማውን ለይቶ እንዲያሳይ ከተሻሻለባቸው ምክንያቶች መካከል የቸኮላት ፋብሪካዎችና የእንጨት ዕቃ ሻጮች «የዕቃችን መልክ አልታየም» ብለው መክሰሳቸው እንደሚገኝበት፣ ነገሩን ያጠናችው ሎርና ሮዝ ጽፋለች። የሰው ፊት ያላስገኘውን ቸኮላት አስገኘው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። አንድ መጽሔት በእጅዎ በገባ ጊዜ የካሜራውን ስም፣ ዋጋውንና ቁጥሩን ሁሉ በእጅዎ ሸፍነው የቀረውን ያንብቡ። የሚነበብ ነገር ከተረፈ መጽሔቱ ደኅና ነው፤ ባዶ ወረቀት ከሆነ ግን የዋጋ ዝርዝር ኖሯል ማለት ነው። በ1937 ተመሥርቶ በ2017 የወረቀት ኅትመቱን ያቆመው «ፖፑላር ፎቶግራፊ» የዚህ ዓይነቱ ትልቅ ምሳሌ ነበር። ካሜራና ሌንስ እየፈተነ ውጤቱን በጥንቃቄ ያወጣ እንደ ነበር አይካድም፤ ነገር ግን የኋላ ገጾቹ በካሜራ ሻጮች ማስታወቂያ የተሞሉ ነበሩ። ካሜራ የሚገዛ ሰው በሚገዛበት ወር የዚህ ዓይነቱን ጽሑፍ ቢያነብ ብልህነት ነው። በየወሩ ማንበብ ግን ያለንን ካሜራ እያስጠላ የሌለንን ያስመኛል፤ እኛም ራሳችን በዚህ በሽታ ታመን እናውቃለን።

ዘዴ ከሚያስተምሩት መካከል በእንግሊዝ አገር በ1884 የተመሠረተው «አማተር ፎቶግራፈር» በዕድሜም በትጋትም የተከበረ ነው። ለጀማሪ ይረዳል። ሆኖም የዘዴ መጽሔት ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ ሁለት ዓመት ያነበበው ሰው በሦስተኛው ዓመት ያንኑ ትምህርት በሌላ ሥዕል ታጅቦ ያገኘዋል። ከተማሩት በኋላ ያለ ጸጸት መሰናበት ይቻላል።

ከዚህ ይልቅ ጊዜ ልንሰጣቸው የሚገቡት ሥዕሉን ራሱን የሚያቀርቡት ናቸው። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በኒው ዮርክ ከ1903 እስከ 1917 ያሳተመው «ካሜራ ወርክ» 50 ቁጥር ብቻ ወጥቶ ቆመ፤ በመጨረሻው ጊዜ የቀሩለት ደንበኞች ከ40 ያነሱ ነበሩ። ሆኖም እስከ ዛሬ የፎቶግራፍ ተማሪ ይመለከተዋል። በ1952 አንሰል አዳምስ፣ ዶሮቲያ ላንግ፣ ማይነር ዋይትና ጓደኞቻቸው የመሠረቱት «አፐርቸር» ዛሬም በዓመት አራት ጊዜ ይወጣል። በዓመት አራት ጊዜ መውጣቱ ለእኛ ጥቅም ነው፤ አንዱን ሳናነብ ሌላው አይደርስብንም። በ2017 የወጣው 227ኛው ዕትም በአፍሪካ ስላሉት የፎቶግራፍ መድረኮች የተዘጋጀ ነበር። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ መዝገበ ቃላት ከአጠገብ አይጥፋ።

ለሐዋሳው ወጣት ከሁሉ አብልጠን የምንመክረው ግን ሳምንታዊነቱ ከቆመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈውን «ላይፍ»ን ነው። ላይፍ በኅዳር 1936 የሥዕል መጽሔት ሆኖ ጀምሮ እስከ 1972 በየሳምንቱ ወጣ፤ የእነዚያ ዓመታት ዕትሞች ዛሬ በጉግል የመጻሕፍት ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ከእነዚህ ውስጥ በመስከረም 20 ቀን 1948 የወጣውን ይክፈቱ። ዩጂን ስሚዝ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ክሬምሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራን አንድ ሐኪም ከሦስት ሳምንት በላይ ተከታትሎ ያነሣበት ታሪክ አለ። ሐኪሙ ሲጠራ፣ ሲያክም፣ ሲደክም ይታያል። አንዱ ሥዕል ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ የሆነበትን፣ ከሰፊው ቦታ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት የሚሸጋገርበትን ሥርዓት ያስተውሉ።

ይህ ለሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ምን ይረዳዋል ይሉ ይሆናል። እጅግ ይረዳዋል። የእኛ ሠርግ ከሽምግልናው እስከ መልሱ ድረስ ራሱ ታሪክ ነው። አብዛኛው አልበማችን ግን ሰው ሁሉ ተሰልፎ ወደ ካሜራ የሚያይበት የምስክር ወረቀት ይመስላል። እናቲቱ ጓዳ ገብታ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ ወንድሙ በር ላይ ቆሞ «አናስገባም ሰርገኛ» ሲል የሚያነሣ ጥቂት ነው። እነዚህን ለማየት ዓይንን የሚያሠለጥነው እንዲህ ያለው ንባብ ነው።

የ«ናሽናል ጂኦግራፊክ» ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በ1888 የተመሠረተ፣ በአገራችንም ስሙ የታወቀ መጽሔት ነው። በኅዳር 1930 የተፈጸመውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል በሰኔ 1931 ዕትሙ ከቀለም ሥዕሎች ጋር አውጥቶት ስለ ነበር፣ ለታሪካችን ባለውለታ ነው። ይሁን እንጂ ታላቅነቱ ከስሕተት አላዳነውም። በየካቲት 1982 የጊዛ ፒራሚዶችን በሽፋኑ ቁመት ልክ ለማድረግ ሲል በሥዕሉ ላይ አቀራርቧቸው ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ተነቀፈ። በሚያዝያ 2018 ደግሞ ዋና አዘጋጇ ሱዛን ጎልድበርግ ጆን ኤድዊን ሜሰን የተባለውን የታሪክ ምሁር የቀድሞዎቹን ዕትሞች እንዲመረምር ካደረገች በኋላ፣ መጽሔቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለ ሌሎች ሕዝቦች ያወጣው ዘረኝነት የተቀላቀለበት እንደ ነበር በግልጽ ጻፈች። ይህ ለአንባቢ ትልቅ ትምህርት ነው። መጽሔቱን አታንብቡ አንልም፤ ስታነብቡ ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ተመልከቱ እንላለን።

የውጭ አገር ሰዎች ስማቸው ሲጻፍ፣ የእኛ አገር ሰው ግን «የሐመር ሴት»፣ «የሙርሲ ጎልማሳ» ብቻ ተብሎ የታተመ እንደ ሆነ፣ መጽሔቱ ያነሣውን ሰው ስሙን አልጠየቀውም ማለት ነው። በኦሞ ሸለቆ ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል ብር እየተባለ የሚነሣውና የሚከፈለው ንግድ ከዚህ ልማድ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለናል። የሐዋሳው ፎቶግራፍ አንሺ በፍቼ ጨምበላላ በዓል ጉዱማሌ ሄዶ የሲዳማን ሽማግሌዎች ባነሣ ጊዜ፣ ከካሜራው ጋር እስክርቢቶና ደብተር ይያዝ። በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ የገባ ስለ ሆነ ሥዕሉን ወደፊት የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ስም የሌለው ሥዕል ግን ግማሽ ሥዕል ነው።

ሥዕልና ጽሑፍ እንዴት እንደሚደጋገፉ ለማየት፣ የዓለም ፕሬስ ፎቶ ድርጅት በየዓመቱ የሚያሳትመው መጽሐፍ ከአሥራ ሁለት ወር መጽሔት ይበልጣል። በመጋቢት 10 ቀን 2019 የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላናችን ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ሙሉጌታ አየነ ያነሣው፣ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር በፊቷ ላይ ስትበትን የሚያሳየው ሥዕል፣ በ2020 ለዓመቱ ፎቶግራፍ ከታጩት መካከል ነበር። ይህን ሥዕል ለማንሣት የሚያስፈልገው ብርቅ መሣሪያ አልነበረም፤ የሐዘኑን ወግ የሚያውቅ፣ የት መቆም እንደሚገባ የተረዳ ሰው ነበር የሚያስፈልገው።

የራሳችንንም አንርሳ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 በኢትዮጵያ የተነሡትን ሥዕሎች ሰብስቦ ይዟል። በ1905 ወደ አገራችን መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና እርሱን የተኩት ልጆቹ የሠሩት ሥራም ሊጠና የሚገባው ነው። በእነዚያ ዘመናት ሥዕሎች ነጭ ሸማ የለበሰ ሰው ከነሸማው ከነፊቱ ተለይቶ ሲታይ ያገኙ እንደ ሆነ፣ ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ በጣትዎ እየጠቆሙ ይፈልጉ፤ የዓይን ብሌን ውስጥ ያለችውን ነጭ ነጥብ ቢመለከቱ መስኮቱ ወይም ደጁ በየት በኩል እንደ ነበረ ትነግርዎታለች። ከዛሬዎቹም መካከል፣ አይዳ ሙሉነህ በ2010 የመሠረተችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ትርኢት የአፍሪካና የሌላውን ዓለም ሥራ አዲስ አበባ ላይ ጎን ለጎን ያሳየ በመሆኑ፣ በዚያ የቀረቡትን ሠዓሊያነ ብርሃን በስማቸው እየፈለጉ መከታተል ከአንድ መጽሔት አያንስም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንበል። የአንድ ጥሩ መጽሔት የዓመት ክፍያ ለአንድ አነስተኛ ፎቶ ቤት ከባድ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ መሆኑም ሌላ ችግር ነው። ነገር ግን በፒያሳ ያለው ፎቶ ቤት አንድ ብቻ አይደለም። ለንግድ ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ለመጽሔትም ዕቁብ ቢጥሉ ምን ይከለክላቸዋል? አምስት ፎቶ ቤቶች ተባብረው አንድ መጽሔት ቢያስመጡ ዕጣ የወጣለት አስቀድሞ ያነብባል፤ ከዚያም በወር አንድ ቀን ሥራ ሲዘጋ ቡና እየጠጡ የየራሳቸውን ሥዕል ከመጽሔቱ ሥዕል አጠገብ አስቀምጠው ይነጋገራሉ። እርስ በርስ ደንበኛ የሚሻሙ ሰዎች እንዲህ ሊቀመጡ አይችሉም የሚል ቢኖር፣ ልብስ ሰፊዎቹም ይሻማሉ፤ መርፌና ክር ግን ይበዳደራሉ ብለን እንመልስለታለን።

የቀረው «የያዝሁትን ልተወው ወይ» የሚለው ጥያቄ ነው። የከፈሉበት ጊዜ እስኪያልቅ ያንብቡትና አያድሱት። ስለ ነጭ ቀሚስ የተጻፈበትን ገጽ ግን አይጣሉት፤ ቆርጠው ከፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ከአጠገቡም የዚያችን ሙሽራ ሥዕል፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ይለጥፉና ከሁለቱ በታች በእርሳስ «ብርሃኑ ከፊት ላይ ይለካ» ብለው ይጻፉበት።